እንጆሪን ከመዝገበ ቃላት ያወጣው ማን ነው?

በ2007 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የሚያሳትመውን ትንሽ መዝገበ ቃላት አድሶ ሲያወጣ ብዙ የዕፅዋትና የእንስሳት ስሞች ቀርተው ነበር። ከቀሩት አንዱ ብላክቤሪ የሚለው የፍሬ ስም ነው። ፍሬውን የሚሰጠው እሾሃማ ቁጥቋጦ ስም፣ ብራምብልም፣ አብሮ ቀረ። ብሎግ፣ ብሮድባንድና ቮይስሜይል ደግሞ ገቡ። ነገሩ ሲሰማ ቁጣ ተነሣ፤ ቁጣውም በቀላሉ አልበረደም። በ2015 መጀመሪያ ማርጋሬት አትዉድን ጨምሮ 28 ጸሐፍት ቃላቱ እንዲመለሱ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ለአሳታሚው ጻፉ። የአሳታሚው መልስ አጭር ነበር፤ መዝገበ ቃላቱ የሚያንጸባርቀው ልጆች ዛሬ የሚናገሩትን ቋንቋ ነው የሚል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የተሟገቱት በወረቀቱ ላይ ይመስለኛል። ብላክቤሪ ከእንግሊዝ ልጆች አንደበት መውጣት የጀመረው መዝገበ ቃላቱ ከመታደሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ያወጣውም አሳታሚ አይደለም። ይህን ለማየት ቃሉ በሙሉ ጉልበቱ ወደ ኖረበት ዘመን፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደ ነገሠችባቸው ከ1837 እስከ 1901 ወዳሉት ዓመታት፣ ወደ ገጠሩ መመለስ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ግን ፍሬውን እንተዋወቅ። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በወንዝ ዳር፣ በገደል አፋፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ደን ጥግ የሚበቅለው እንጆሪ የብላክቤሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም ሩበስ በሚል አንድ ስም ሥር ይመድቧቸዋል። በከተማ እንጆሪ ሲባል ትዝ የሚለን ኬክ ላይ የምትቀመጠው ቀይዋ ስትሮበሪ ናት። የእረኛ ልጅ እንጆሪ የሚለው ግን እጅና እግር የሚቧጭረውን፣ ፍሬው ቅንጣት በቅንጣት የተያያዘውን፣ ሲበስል ጣት የሚያቀልመውን ነው። ልጅ ሳለሁ ከብት ከሚጠብቁ ልጆች ጋር የዋልኩባቸው ቀናት ምሳችን እንጆሪ፣ አጋምና ኮሽም ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝን የገጠር ልጅ ለመረዳት ያን ያህል ሩቅ መሄድ አያሻኝም።

የእንግሊዝ ገጠር አጥር ዘንግ የተተከለበት አይደለም። የሚበቅል፣ የሚያብብ፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት የቁጥቋጦ አጥር ነው። ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል ፓርላማው ባወጣቸው ሕጎች የወል ግጦሹንና የወል እርሻውን እየከፋፈለ ለባለ ርስት ሰጠ፤ አዲሱን ድንበር ለማመልከትም ብዙ የቁጥቋጦ አጥር ተተከለ። ላም የሚያሰማራበትና እንጨት የሚለቅምበት የወል መሬት ያጣው ድኻ በአጥሩ ውስጥ ራሱ የበቀለው ብላክቤሪ ቀረለት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ፤ መሬቱን የነጠቀው አጥር ፍሬውን መስጠቱ።

ያ ፍሬ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመገመት ደመወዙን ማየት ይበቃል። ጄምስ ኬርድ የተባለው የእርሻ መርማሪ በ1850 እና በ1851 እንግሊዝን ዞሮ ባየ ጊዜ በደቡብ አውራጃዎች የአንድ የእርሻ ሠራተኛ አማካይ የሳምንት ደመወዝ 8 ሽልንግ ከ5 ፔንስ፣ ፋብሪካና ማዕድን በቀረባቸው በሰሜን ደግሞ 11 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ሆኖ አገኘው። በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ፣ ዳቦ ገዝቶ፣ አምስት ስድስት ልጅ ማሳደግ ነበረበት። ስለዚህ እናትና ልጆች የሚያመጡት ሳንቲም ትርፍ አልነበረም። የመከር ቃርሚያ፣ የድንች ለቀማ፣ ለዓሣማ የሚሰበሰብ የኦክ ፍሬ፣ ከዚያም የብላክቤሪ ለቀማ የቤተሰቡን ዓመት የሚያሟሉ ሥራዎች ነበሩ። ነጋዴ በመንደሩ እየዞረ ፍሬውን በፓውንድ መዝኖ ይገዛል፣ ቅርጫቱን በባቡር ወደ ከተማ ይልካል። ልጆቹ ባገኙት ሳንቲም ለብርዱ ወራት ጫማ ይገዛላቸዋል።

ገበያውን ያሰፋው ደግሞ ስኳር ነው። በ1874 መንግሥት በስኳር ላይ የነበረውን ቀረጥ ጨርሶ አነሣ። ስኳር ሲረክስ ማርማላታ የድኻ ምግብ ሆነ፤ ቅቤ የማይደርስበት ዳቦ በማርማላታ ተቀባ። ቺቨርስ የተባለው ድርጅት በ1875 በሂስተን፣ ዊልኪን ደግሞ በ1885 በቲፕትሪ የማርማላታ ፋብሪካ ከፈቱ። በገጠር ቤት ውስጥ ሴቶች ብላክቤሪን ከፖም ጋር ይቀቅሉታል። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ፖም ማርማላታውን የሚያረጋው ነገር ስለሚበዛበት ነው። እናቶቹ የዚያን ንጥረ ነገር ስም አያውቁትም ነበር፤ ብላክቤሪ ብቻውን ሲቀቀል እየቀጠነ እንደሚያስቸግር ግን ያውቃሉ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ቃሉን ሕያው ያደረገው በትምህርት ቤትና በአጥር መካከል የነበረው ጠብ ነው። በ1862 የወጣ ደንብ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት የሚያገኙትን ገንዘብ ተማሪዎች በክፍል በመገኘታቸውና በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና በሚያመጡት ውጤት ላይ አሠረው። ዋና መምህራንም የትምህርት ቤቱን ውሎ በመዝገብ እንዲያሰፍሩ ተገደዱ። በ1870 የወጣው ሕግ ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው ቦታዎች ትምህርት ቤት እንዲሠራ አደረገ፣ የ1880ው ከ5 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች የግድ እንዲማሩ አዘዘ፣ በ1891 ደግሞ ክፍያው ለአብዛኛው ሕዝብ ቀረ።

እነዚያ መዝገቦች ዛሬም በየአውራጃው ቤተ መዛግብት አሉ። በመከር ማግስት ያሉትን ገጾች የሚገልጥ ሰው ያው አቤቱታ በመንደሩ ሁሉ ሲደጋገም ያገኛል፤ ዛሬ ብዙ ልጆች ቀሩ፣ ብላክቤሪ ለቀማ ወጥተዋል የሚል። መምህሩ የሚጽፈው በምሬት ነው። ወንበሩ ባዶ በሆነ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ገቢ፣ አንዳንዴም የራሱ ደመወዝ ይቀንሳል። እናትየዋ ደግሞ የምታስበው የልጇን ጫማ ነው። ማንኛቸው ተሳሳቱ? እኔ ማንንም ልወቅስ አልችልም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በመጨረሻ ተሸንፈው የዕረፍት ጊዜያቸውን ከለቀማው ጋር አስተካከሉ። በእኛ ገጠርም በአጨዳና በቡና ለቀማ ወቅት ክፍል ሲሳሳ ያየ መምህር ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ይህ ጠብ በቋንቋው ላይ አሻራውን ተወ። በምዕራብ እንግሊዝ፣ በግሎስተርሸርና በአካባቢው፣ ሙች የሚል ግሥ ነበር። ትርጉሙ ከትምህርት ቤት መፎረፍ ነው፤ ይልቁንም ብላክቤሪ ለመልቀም መፎረፍ። ፍሬው ራሱም በዚያው ስም ይጠራ ነበር፤ ፎራፊው ሙቸር፣ የሚለቅመውም ሙችስ። አንድ ቃል ልጁንም፣ ጥፋቱንም፣ ፍሬውንም ይዞ ሲገኝ ከበስተጀርባው ስንት ዘመን እንዳለ አስቡት። ደግሞም ቪክቶሪያ ያመጣችው አይደለም። ከእርሷ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሼክስፒር በሄንሪ አራተኛ ተውኔቱ ፎልስታፍ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ስለ ልዑሉ ሲያናግር፣ የሰማይ ፀሐይ ፎራፊ ሆና ብላክቤሪ ትብላ እንዴ ብሎ ያስጠይቀዋል፤ ፎራፊ ለሚለው የተጠቀመበት ቃል የዚሁ የሙች ዘመድ ነው።

ከዚሁ ተውኔት የመጣ ሌላም አባባል አለ። ፎልስታፍ ምክንያት አምጣ ተብሎ ሲያዝ፣ ምክንያት እንደ ብላክቤሪ የበዛ ቢሆን እንኳ ተገድጄ ለማንም አልሰጥም ይላል። ቪክቶሪያውያን እንደ ብላክቤሪ የበዛ የሚለውን አባባል በጋዜጣም፣ በስብከትም፣ በፓርላማም ተናገሩበት። እኛ እንደ አሸዋ፣ እንደ ሰማይ ኮከብ የምንለውን እነርሱ በብላክቤሪ ይሉታል። አባባሉ የሚሠራው ግን ሰሚው በመስከረም አጥር ሥር ቆሞ፣ ለቅሞ ለቅሞ ደክሞት፣ ቅርጫቱ ሞልቶ ቁጥቋጦው አሁንም ጠቁሮ ያየ እንደሆነ ነው። ፍሬውን በፕላስቲክ ዕቃ፣ በግራም ተመዝኖ፣ በውድ ዋጋ ብቻ የሚያውቅ ሰው እንደ ብላክቤሪ የበዛ ሲባል ግራ ይገባዋል። የእኛው አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል እንዲሁ ነው። የአጋም እሾህ ቁልቋሉን ሲወጋው ነጭ ወተቱ ሲወርድ ያየ ሰው ተረቱን ሲሰማ ይቆረቁረዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ወጣት ግን ተረቱን በቃሉ እየያዘ እንባው የቱ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

የቪክቶሪያ ዘመን ገጠር ብላክቤሪን በአንድ ስም ብቻ አልጠራውም። በሰሜኑና በስኮትላንድ ፍሬው ራሱ ብራምብል ነው፤ በደርሃምና በዮርክሸር በኩል በምልካይት ይባላል። በሃምፕሸር ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ተመልሶ የሚመጣው ሞቅ ያለ አየር የብላክቤሪ በጋ ይባል ነበር። እነዚህን ቃላት ከመጥፋት ካዳኑት ሰዎች ዋናው ጆሴፍ ራይት ነው። የዚህ ሰው ታሪክ በራሱ ሊነገር ይገባዋል። በ1855 በዮርክሸር ተወለደ፤ በስድስት ዓመቱ በድንጋይ ካባ አህያ ነዳ፤ ከዚያ በሶልቴር ጨርቅ ፋብሪካ ገባ፤ ማንበብ የተማረው በ15 ዓመቱ ነው። ይህ ሰው የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆኖ ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ቅጽ የእንግሊዝኛን ቀበልኛ ቃላት አሳተመ። ቃላቱን በጥንቃቄ የሰበሰበው ምናልባት እንደ ብዙዎቹ ሊቃውንት ከላይ ሆኖ ስላላያቸው ይሆናል፤ እናቱና ጎረቤቶቹ የሚናገሩት ነበርና።

ቀኑን የሚቆርጠውም ብላክቤሪ ነበር። ቅዱስ ሚካኤል ዲያብሎስን ከሰማይ ሲጥለው ዲያብሎስ የወደቀው እሾሃማው የብላክቤሪ ቁጥቋጦ ላይ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ በሚካኤል ዕለት እየመጣ ፍሬውን ይረግመዋል፣ ምራቁን ይተፋበታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የለቀመና የበላ ይታመማል። ለእኛ የሚካኤልን ዝክር ለምናውቅ ታሪኩ ቤተኛ ነው፤ ቀኑ ግን ከእኛ ኅዳር 12 የተለየ ነው። የእነርሱ የሚካኤል በዓል በሴፕቴምበር 29፣ በእኛ መስከረም 19 ይውላል። ዕለቱ የቤት ኪራይና የመሬት ግብር የሚከፈልበት፣ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ቀንም ነበር። ለድኻው ቤተሰብ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መምጣቱ ቀላል አልነበረም፤ ዕዳው የሚከፈልበት ቀንና ነፃው ፍሬ የሚያልቅበት ቀን አንድ ናቸው።

አንዳንድ መንደር ግን ዲያብሎስ የሚመጣው በሴፕቴምበር 29 ሳይሆን በኦክቶበር 10 ወይም 11 ነው ብሎ ይከራከር ነበር። ምክንያቱን የእኛ አንባቢ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል፤ የዘመን አቆጣጠር ነው። ብሪታንያ በ1752 አቆጣጠሯን ስትቀይር ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ 14 ሆነ፤ 11 ቀን ተዘለለ። ገጠሬው ግን የድሮውን ሚካኤል አልተወም። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም የአጥሩን ፍሬ የሚያውቀው በአሮጌው ቀን ነበር።

ታሪኩ ተረት ቢሆንም የሚያስጠብቀው ነገር እውነት ነው። በእያንዳንዱ ዘለላ ጫፍ ላይ ያለው ፍሬ መጀመሪያ ይበስላል፤ ትልቁና ጣፋጩም እርሱ ነው። በኋላ የሚበስሉት እያነሱ፣ ዘራቸው እየበዛ፣ ጣዕማቸው እየጠፋ ይሄዳል። ዝናቡና ብርዱ ሲገባ ውሃ ያቁራሉ፣ ሻጋታ ይይዛቸዋል፣ ዝንብ ይሰፍርባቸዋል። ልጅን ሻጋታ ይጎዳሃል ብሎ ከመምከር ዲያብሎስ ተፍቶበታል ማለት እንደሚሻል የየትኛውም አገር እናት ታውቃለች። ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት የሚለውን ይዞ ላደገ ሰው በዓል የአየር ጠባይን ድንበር ሲያበጅ ማየት አዲስ አይሆንበትም።

ቁጥቋጦው መድኃኒትም ነበር። የብላክቤሪ ቅርንጫፍ ረዝሞ ጎንበስ ሲልና ጫፉ አፈር ሲነካ እዚያው ሥር ይሰድዳል፤ በሁለት በኩል የተተከለ ቅስት ይሆናል። ትክትክ የያዘውን ልጅ በዚያ ቅስት ሥር ደጋግሞ ማሳለፍ በብዙ አውራጃ የታወቀ ነበር። በኮርንዎል እሳት ወይም ትኩስ ውሃ ያቃጠለውን ሰው በምንጭ ውሃ በተነከሩ ዘጠኝ የብላክቤሪ ቅጠሎች እየዳሰሱ ሦስት መላእክት ከምሥራቅ መጡ፣ አንዱ እሳት ሁለቱ ውርጭ ይዘው፣ እሳት ውጣ ውርጭ ግባ የሚል ቃል ይደግሙ ነበር። ይህን ሰምቶ መሳቅ አይገባም። ለትክትክ ክትባት ባልነበረበት፣ ሐኪም ለመጥራት የሳምንት ደመወዝ በሚጠይቅበት ዘመን እናት ልጇ ሌሊቱን ሲንተፋተፍ እያየች እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። እሾሁን የተላጠው ቅርንጫፍ ደግሞ ተሰንጥቆ የሣር ክዳን ያስርበታል፣ የገለባ ቀፎ ይሰፋበታል።

ሊቃውንቱም ከአጥሩ አልራቁም። የካምብሪጁ የዕፅዋት ፕሮፌሰር ቻርልስ ባቢንግተን በ1869 ስለ ብሪታንያ ብላክቤሪ ዓይነቶች አንድ ጥናት አሳተመ፤ ከእርሱ በኋላም ብዙ ቀሳውስት በዚሁ ሥራ ተጠመዱ። ብላክቤሪ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወንዴ ዘር ውህደት ዘር ስለሚያፈራ ልጅ ከእናቲቱ ሳይለይ ይቀጥላል፤ ጥቃቅን ልዩነቶችም ይጸናሉ። ዛሬ በብሪታንያ ከ300 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል። እንግዲህ የመንደሩ ልጅ የወፍጮው ዳር ይጣፍጣል፣ የድልድዩ ይኮመጥጣል ሲል ግምት አልነበረም። ፕሮፌሰሩ በማጉያ መነጽር የሚለየውን እርሱ በምላሱ ለይቶታል።

ታዲያ ምን ሆነ? በ1918፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓመት፣ መንግሥት ለወታደሮች ማርማላታ ሲያስፈልገው ተማሪዎች በትምህርት ሰዓት ብላክቤሪ እንዲለቅሙ አወጣቸው። አባቶቻቸው የተገረፉበት ጥፋት ለልጆቹ ግዴታ ሆነ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ግን ትራክተር ሰፊ ማሳ ስለሚፈልግ አጥሩ በብዙ ቦታ ተነቀለ። ሕግ መጥቶ ያለ ፈቃድ እንዳይነቀል የከለከለው በ1997 ነው። ድኻውን የፍሬ ሳንቲም ማስፈለጉ ቀረ፤ ይህ የሚያሳዝን አይደለም፣ እሰየው ነው። ልጆች ግን ብቻቸውን ከቤት ርቀው መዋላቸውም አብሮ ቀረ። ልብ በሉ፣ ሕጉ አልከለከላቸውም። በእንግሊዝና በዌልስ የ1968ቱ የስርቆት ሕግ ለሽያጭ እስካልሆነ ድረስ ራሱ የበቀለ ፍሬ መልቀም ስርቆት እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። መንገዱ ክፍት ነው፤ የሚሄድበት ልጅ አነሰ።

ብላክቤሪ የሚለው ስምም ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ከ1999 ጀምሮ አንድ የካናዳ ኩባንያ ፊደል ቁልፎቹ የፍሬውን ቅንጣት ስለሚመስሉ መሣሪያውን ብላክቤሪ አለው፤ አዲስ አበባም ውስጥ ብዙ ሰው ቃሉን የሰማው በዚያ ስልክ ነው። የነባር ስልኮቹ አገልግሎት በጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ተዘጋ። ፍሬው አሁንም በአጥሩ ላይ አለ፤ ይልቁንም በሞቀው አየር ምክንያት እየቀደመ፣ በጁላይ ጭምር ይበስላል። የሚካኤል ዕለት ሲደርስ ዲያብሎስ የሚተፋበት ብዙም አያገኝም።

ስለዚህ የ28ቱ ጸሐፍት ሐዘን ሐዘኔ ቢሆንም የሚፈልጉት ነገር ቃሉን ወደ ገጽ በመመለስ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም። ቪክቶሪያውያን ልጆች ብላክቤሪን ያወቁት ተፈጥሮን ውደዱ ተብለው አይደለም። ፍሬው ምሳቸው፣ ጫማቸው፣ ጥፋታቸው፣ መድኃኒታቸውና የቀን መቁጠሪያቸው ስለነበር ነው። አንድ ነገር በእነዚህ ሁሉ በሮች ሲገባ አንደበት አይረሳውም። በሮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ደግሞ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንኳ ቢኖር የሚጠራው ሰው ያጣል። የእኛው እንጆሪ በከተማ ትርጉሙን ለስትሮበሪ የለቀቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ማንም አልወሰነበትም።

በ1885 ሉተር በርባንክ የተባለ አሜሪካዊ አትክልተኛ ሂማላያ ብሎ የሰየመውን ብላክቤሪ በካሊፎርኒያ ለገበያ አቀረበ። ተክሉ ከሂማላያ ሳይሆን ከአርመን በኩል የመጣ ነበር። ከእርሻ አምልጦ የሰሜን ምዕራብ አሜሪካን መንገድ ዳር ሁሉ ሸፈነ፤ ዛሬ የዋሽንግተን ግዛት ከጎጂ አረሞች ጋር መዝግቦታል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ሲያትል ውስጥ የባዶ ቦታው አጥር ሁሉ እርሱ ነው። የሚበስለው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። አንድ የፍልሰታ ቀን ከሰዓት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን፣ ነጠላ የለበሰች እናት ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ልጆቿን ይዛ ቆማ አየሁ። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጣ መድኃኒት የተረጨበት አለመሆኑን አየች። ከዚያ አንዷን ፍሬ ቀጥፋ ለትንሹ ልጅ አቀበለችውና "እንጆሪ በል" አለችው። ልጁ አፉን ሞልቶ "ኢንጆሪ" አለ። "እ፣ እንጆሪ" አለች፣ ሌላ እየቀጠፈች።